ሰማያዊው፣ ቢጫውና ቡራቡሬው፦ የአፍሪካ ሲክሊዶች ቀለም ከየት ይመጣል? እንዴትስ ይጠበቃል?

የጌጥ አሳ ሱቅ ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ «አፍሪካን ሲክሊድ» የሚል የተለጠፈበት ገንዳ ሳታዩ አልቀራችሁም። ሰማያዊው፣ ቢጫው፣ ብርቱካናማው፣ ጥቁር የተረጨበት ቡራቡሬው ሁሉ አንድ ላይ ይተራመሳል። ዋጋውም አንድ ነው። ገዢው የወደደውን ቀለም እየጠቆመ «ከዚህ ሁለት፣ ከዚያ ሁለት» ብሎ ይወስዳል።

ጥቂት ወራት ሲያልፉ ጣጣው ይመጣል። ሰማያዊው ሌሎቹን እያሳደደ መግቢያ መውጫ ያሳጣቸዋል። ቢጫው ይደበዝዛል። አንዷ አፏን ሞልታ ትዞራለች፤ ልጆቹ ሲያድጉ ግን እናትም አባትም አይመስሉም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «እነዚህ አሳዎች አስቸጋሪ ናቸው» ብሎ ይተዋቸዋል። ችግሩ ግን አሳዎቹ ጋ አይደለም። ቀለማቸው አሳው ከየትኛው ዳርቻ እንደመጣ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ አለቃ ይሁን ተገዢ የሚናገር ነገር ነው። ያንን ሳናውቅ በመልክ ብቻ ስንገዛ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ሲክሊድ በጣም ሰፊ የአሳ ቤተሰብ ነው። ለእኛም ባዕድ አይደለም። ከዝዋይ፣ ከሐዋሳና ከጣና ወጥቶ የምንበላው ቆሮሶ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። የቆሮሶ ወንድ በመራቢያው ሰሞን ጉሮሮውና ደረቱ ቀላ ይላል። ሴቷ ደግሞ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች። ለጌጥ የሚረቡት ብዙዎቹ ሲክሊዶችም ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ቀለሙን ግን ጥግ ድረስ ወስደውታል።

አብዛኞቹ የሚመጡት ከሦስት ሐይቆች ነው። ማላዊ ሐይቅ በማላዊ፣ በሞዛምቢክና በታንዛኒያ መካከል ተዘርግቷል፤ የሲክሊድ ዝርያዎቹ ከ500 እስከ 1000 ይገመታሉ። ታንጋኒካ በዕድሜ ከሦስቱ ይበልጣል፤ 1470 ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው፤ ወደ 240 ዝርያ ይኖርበታል። ቪክቶሪያ ግን ልጅ ነው። ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር ከሐይቁ ወለል የወጣው ደለል ያሳያል። ዛሬ የምናየው ሁሉ ከዚያ ወዲህ በሐይቁ ውስጥ የበዛ ነው። ለዝግመተ ለውጥ ይህ ዓይን ገልጦ እንደመክደን ነው።

አንድ ዝርያ፣ ብዙ መልክ

በማላዊ ሐይቅ ድንጋያማ ዳርቻ የሚኖሩት አሳዎች በአካባቢው ስማቸው ምቡና ይባላሉ። ከእነሱ የታወቀው ዜብራ የሚባለው ነው። ወንዱ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ጥቋቁር መስመሮች አሉት። ሴቶቹ ግን በዚያው ድንጋይ ሥር የተለያየ መልክ ይዘው ይገኛሉ። አንዳንዶቹ መስመር ያላቸው ደብዛዛ ሰማያዊ ናቸው። አንዳንዶቹ ብርቱካናማ መደብ ላይ ጥቁር የተረጨባቸው ቡራቡሬ ናቸው። ምንም ጥቁር የሌለባቸው ብርቱካናማዎችም አሉ። ሁሉም አንድ ዝርያ ናቸው፤ ከአንዱ ሰማያዊ ወንድ ይወልዳሉ።

ቡራቡሬዋን አርቢዎች «ኦቢ» ይሏታል። ለምንድን ነው ታዲያ ቡራቡሬዎቹ ሁሉ ለማለት ይቻላል ሴት የሆኑት? በ2009 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሬድ ሮበርትስ፣ ጄኒፈር ሰርና ቶማስ ኮቸር የተባሉ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት መልሱን ሰጥቷል። እንዲህ ነው ነገሩ።

ቡራቡሬ መልክ ለሴቷ ይጠቅማታል። የምትኖርበት ድንጋይ ራሱ ዥጉርጉር ስለሆነ ከላይ የሚያድናት ወፍ በቀላሉ አይለያትም። ወንዱ ላይ ሲወጣ ግን ኪሳራ ነው። ሴት አይታ የምትመርጠውን ሰማያዊ ቀለምና ጥቁር መስመር ያጠፋበታል። ስለዚህ አንዱ ጂን ለእህት በረከት፣ ለወንድም መርገም ይሆናል። ተፈጥሮ ይህን የፈታበት መንገድ በጣም ያስደንቀኛል። ቡራቡሬነትን የሚያመጣው «ፓክስ7» የሚባል ጂን ሲሆን፣ በክሮሞዞሙ ላይ ሴትነትን ከሚወስን ሌላ ጂን አጠገብ ተጠግቶ ተቀምጧል። ጎረቤታሞቹ አብረው ነው የሚወረሱት። ቡራቡሬነትን የወረሰ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሴትነትንም አብሮ ይወርሳል።

አልፎ አልፎ ይህ ቁርኝት ይበጠሳል። ያኔ ሰማያዊ መደብ ላይ ጥቁር የተረጨበት ወንድ ይወለዳል። አርቢዎች «ማርማሌድ ካት» ይሉታል፤ ሲገኝም ይፈለጋል።

የዜብራን ቡራቡሬዎች ብቻ መርጣችሁ ከገዛችሁ እንግዲህ ቤታችሁ የገቡት ሴቶች ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ወንዱ ያ ትታችሁት የመጣችሁት መስመር ያለው ሰማያዊ ነው።

ዳርቻ ሲለያይ ቀለም ይለያያል

ሁለተኛው የቀለም ምንጭ ቦታ ነው። እነዚህ አሳዎች ከድንጋያቸው መራቅ አይወዱም። በሁለት ድንጋያማ ቦታዎች መካከል የተዘረጋ አሸዋ ወይም ጥልቅ ውሃ ለእነሱ እንደ ድንበር ነው። አቋርጠው ሄደው ስለማይጋቡ እያንዳንዱ ዳርቻ በጊዜ ብዛት የራሱን ቀለም ያወጣል።

የዚህ ዋናው ምሳሌ የታንጋኒካው ትሮፊየስ ነው። ሰብሳቢዎች ከመቶ በላይ የአካባቢ መልኮች ይቆጥሩለታል። ከኢኮላ የሚመጣው ጥቁር ሆኖ ወገቡን ሰፊ ቢጫ ይዞረዋል። ከቤምባ የሚመጣው ጥቁር ላይ ብርቱካናማ ቀበቶ አለው። የሞሊሮው ቀይ ነው። ስለዚህ አርቢዎች «ትሮፊየስ አለኝ» ብለው አያቆሙም፤ «የኢኮላ ትሮፊየስ አለኝ» ይላሉ። የቦታው ስም የአሳው ስም አካል ነው።

በዓለም ላይ በብዛት ከሚሸጡት ሲክሊዶች አንዱ የሆነው፣ «ቢጫ ላብ» የሚባለው የማላዊ ሐይቅ አሳም እንዲሁ ነው። ሙሉ ስሙ ላቢዶክሮሚስ ሴሩሌየስ ነው። ሎሚ የመሰለ ቢጫ አካል፣ ከላይ ጥቁር ክንፍ አለው። ሰው ሁሉ ዝርያው በሙሉ ቢጫ ይመስለዋል። በተፈጥሮ ግን በብዙ የሐይቁ ዳርቻ ነጭ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው። ቢጫው የሚገኘው በሰሜን ምዕራብ ዳርቻ፣ ላየንስ ኮቭ በሚባለው አካባቢ ባለች ጠባብ ቦታ ነው። ከዚያች ጠባብ ቦታ ወጥቶ ነው የዓለምን ሳሎን የሞላው።

ፒኮክ የሚባሉት የማላዊ ሐይቅ ሲክሊዶች ደግሞ ሌላ ናቸው። ወንዶቹ እንደየዳርቻው ሰማያዊ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ትከሻ ያላቸው ሰማያዊ ይሆናሉ። ሴቶቹ ግን ከየትም ይምጡ ከየት ግራጫ ቡናማ ናቸው። የአንዱን ዳርቻ ሴት ከሌላው መለየት ለልምድ ያለው ሰው እንኳ ይከብዳል። ይህን ያዙልኝ፤ ገንዳ ውስጥ ስንገባ እንመለስበታለን።

ብርሃን ሲጠፋ ዝርያ ይጠፋል

ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የሆነው ቀለም ምን ያህል ቁም ነገር እንደሆነ ከሁሉ በላይ ያሳያል። እዚያ ሁለት የቅርብ ዘመዳሞች አሉ። አንዱ ፑንዳሚሊያ ፑንዳሚሊያ ነው፤ ወንዱ ሰማያዊ። ሁለተኛው በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት በጁሊየስ ኔሬሬ የተሰየመው ፑንዳሚሊያ ኔሬሬይ ነው፤ ወንዱ ቀይ። ሰማያዊው ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ ቀዩ ደግሞ ከሥሩ ወረድ ብሎ ይኖራል። በዚያ ሐይቅ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ሰማያዊው ብርሃን ይጠፋና ቀላ ያለው ይቀራል። ጥልቁ ጋ ያሉት አሳዎች ዓይንም ቀይ ለማየት የተመቸ ነው። ሴቷ በደንብ የምታየውን ቀለም ትመርጣለች፤ ምርጫዋ ዝርያዎቹን ለይቶ ያቆያል።

ኦሌ ሴሃውሰን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1997 ያሳተሙት ጥናት ታዲያ አሳሳቢ ነገር አሳየ። ሰማያዊና ቀይ ተለይቶ በማይታይበት ብርሃን ውስጥ ሴቶቹ የራሳቸውን ወንድ ከሌላው መለየት አቃታቸው። በሐይቁ ላይም ይኸው እየሆነ ነበር። ከእርሻና ከከተማ የሚገባው ፍሳሽ ውሃውን አደፈረሰው። በደፈረሰበት ቦታ አሳዎቹ ቀለማቸው የደበዘዘ፣ ዝርያቸውም ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ላይ ናይል ፐርች አለ፤ እኛ ነጭ አሳ የምንለው። በ1950ዎቹ ወደ ቪክቶሪያ ተጨመረ፤ በ1980ዎቹ በዛ፤ 200 የሚሆኑ የሲክሊድ ዝርያዎችም ሳይጠፉ እንዳልቀሩ ይገመታል። ዛሬ ከእነዚህ አሳዎች አንዳንዶቹ በሕይወት ያሉት በአኳሪየም ብቻ ነው። ወደ ኋላ ላይ ዝርያና መልክ ስለ መደባለቅ አጥብቄ የምናገረው ለዚህ ነው።

በደቂቃ የሚለወጥ ቀለም

እስካሁን ያየነው በዘር የሚመጣውን ነው። ሌላም አለ። በታንጋኒካና በአካባቢው የሚኖረው አስታቶቲላፒያ በርቶኒ የሚባለው ሲክሊድ ወንዱ አለቃ ሲሆን ደማቅ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ይሆናል፤ ከዓይኑ ወደ አገጩ የሚወርድ ጥቁር መስመርም ያወጣል። ተገዢው ወንድ ግን ሴት እስኪመስል ግራጫ ነው። ተመራማሪዎች አለቃውን በጨለማ አውጥተው መብራት ሲያበሩ፣ ያ ግራጫ ወንድ ቦታው ክፍት መሆኑን ባየ በደቂቃዎች ውስጥ ቀለም ያወጣል። የዓይኑ መስመር ይጠቁራል፣ አካሉ ይፈካል፣ ሌሎቹን ማባረር ይጀምራል። አለቅነቱን ሲነጠቅ ደግሞ ይከስማል።

ይህ የሚሆነው በቆዳው ሴሎች አሠራር ነው። ጥቁሩን የያዙት ሴሎች ቀለማቸውን ሲበትኑ አሳው ይጠቁራል፤ መሃል ላይ ሲሰበስቡት ይነጣል። ቢጫና ቀዩ ከሌሎች ሴሎች ይመጣል፤ አብዛኛው ቀለም ካሮቲኖይድ (ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ዓይነት ቀለም) ስለሆነ አሳው ከምግብ ማግኘት አለበት። ሰማያዊው የሚገርመው ነው። ሰማያዊ ቀለም የሚባል ነገር በቆዳው ውስጥ የለም። በሴሎቹ ውስጥ የተደረደሩ ጥቃቅን ክሪስታሎች ብርሃኑን ሰማያዊ አድርገው ይመልሱታል፤ ዝናብ በዘነበበት አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ቀለም እንደሚያወጣው ማለት ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይወጣል። ቢጫና ቀይ አሳ ሲደበዝዝ ምግቡን መጠርጠር ይቻላል። ሰማያዊ አሳ ሲደበዝዝ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጭንቀት ነው፤ ወይ ውሃው፣ ወይ የሚያሳድደው ጎረቤት።

ወደ ገንዳው እንግባ

ቀለም የሚጀምረው ከውሃው ነው። የማላዊ ሐይቅ ውሃ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው) ከ7.7 እስከ 8.6 ገደማ ነው። የታንጋኒካው ከዚያ ከፍ ብሎ ወደ 9 ይጠጋል። ሙቀቱን ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ያዙት። የቧንቧ ውሃችሁን ሳትለኩ ምንም አትጨምሩ። አዲስ አበባ ውስጥ አንዱ ሰፈር ከለገዳዲ ወይም ከገፈርሳ ግድብ፣ ሌላው ከአቃቂ ጉድጓድ ስለሚያገኝ የጎረቤት ሰፈር ምክር ለእናንተ ላይሠራ ይችላል። ውሃው ለስላሳ፣ ማለትም ማዕድኑ ያነሰ ከሆነ የኖራ ድንጋይ ወይም የኮራል አሸዋ ገንዳው ውስጥ ማድረግ ቀስ እያለ ያስተካክለዋል። ዋናው ነገር አለመዋዠቁ ነው። 8 ላይ የረጋ ውሃ፣ ዛሬ 8.5 ነገ 7.5 ከሚሆን ውሃ እጅግ ይሻላል።

አሞኒያ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ አሳ የሚሞተው እዚህ ላይ ነውና። ከአሳው ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ የሚወጣው አሞኒያ መርዝነቱ በፒኤች ይወሰናል። ፒኤች 7 ላይ መርዛማው ክፍል ከጠቅላላው 1 በመቶ አይሞላም። 8.4 ላይ ግን ከ10 በመቶ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ለሌላ አሳ የሚታለፍ ስህተት ሲክሊድን ይገድላል። አዲስ ገንዳ አሳ ከመግባቱ በፊት ፊልተሩ አሞኒያውን የሚያጠፋ ባክቴሪያ እንዲያፈራ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሩቡን ወይም ሲሶውን ውሃ መቀየር ነው።

ደጋ ላይ ለሚኖር ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን እኩል ሙቀት ካለው የባሕር ጠረፍ ውሃ በሩብ ያህል ያንሳል። የውጭ መመሪያ ላይ የተጻፈውን የአሳ ብዛት እዚህ እንዳለ መቅዳት አይሆንም፤ ኤር ፓምፕ ግዴታ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አሳው ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ የፊልተሩ ባክቴሪያም አየር ያጣል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኤር ፓምፕ ገዝታችሁ አስቀምጡ። መብራቱ እስኪመለስ ምግብ አትስጡ።

ለምቡና ርዝመቱ 120 ሴንቲ ሜትር፣ መጠኑ ከ200 ሊትር የማያንስ ገንዳ ያስፈልጋል። ዋሻና መደበቂያ የሚሆን ድንጋይ ከወለሉ ጀምራችሁ አጽንታችሁ ደርድሩ፤ አሸዋ እየቆፈሩ ድንጋይ የሚያናጉ ናቸው። ለአንድ ወንድ ሦስት ወይም አራት ሴት አድርጉ። ሁለት አሳ ብቻ ማስገባት የርኅራኄ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን አለቃው አንዷን እስክትሞት ማሳደዱ ነው። በዛ ሲሉ ቁጣው ይከፋፈላል።

ወለሉ ላይ የሚደረገው አሸዋም ቀለም ይለውጣል። ቦግ ባለ ነጭ አሸዋ ላይ አሳው ራሱን ለመደበቅ ይነጣል። መካከለኛ ወይም ጠቆር ያለ አሸዋ ላይ ይደምቃል። ሱቅ ውስጥ ደግሞ ሰማያዊ አምፑል ሁሉንም አሳ ያሳምራል፤ ከመግዛታችሁ በፊት የስልካችሁን ነጭ መብራት አብርታችሁ እዩት።

ምግብን በተመለከተ ምቡና በብዛት ከድንጋይ ላይ አልጌ እየፋቀ የሚኖር፣ አንጀቱ ረዥም አሳ ነው። ስፒሩሊና የሚባለው አልጌ ያለበት ምግብ ይስማማዋል፤ ቀለሙንም ይደግፋል። የሞቀ ደም ያለው እንስሳ ሥጋ አትስጡት። ሥጋ የበዛበት ምቡና ሆዱ ይነፋል፤ ሲጀምረው ማዳን በጣም ከባድ ነው።

አሁን ወደ መደባለቁ። የአንድ ዝርያ ሁለት የዳርቻ መልኮችን አንድ ገንዳ ውስጥ አታስገቡ። ያ የፒኮክ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል፤ ሴቶቹ ስለሚመሳሰሉ አንዴ ከተደባለቁ መልሶ መለየት አይቻልም። ልጆቹ ጤነኛ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቀለማቸው ግን የየትኛውም ዳርቻ አይደለም። ይህ በሐይቁም ላይ ሆኗል። በ1960ዎቹ ሲኖቲላፒያ አፍራ የተባለ ምቡና ከሌላ ቦታ መጥቶ ዛሬ የማላዊ ሐይቅ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ባለው በቱምቢ ምዕራብ ደሴት ተለቀቀ። በ2004 የታተመ ጥናት ከደሴቲቱ ነባር ዜብራ ጋር መዳቀሉን አሳይቷል።

ሱቅ ላይ «ኦቢ ፒኮክ» እና «ድራጎን ብለድ» ተብለው የሚሸጡት በየትኛውም ሐይቅ የማይገኙ፣ ሰው ያዳቀላቸው ናቸው። ለዓይን ያምራሉ፤ መግዛትም ነውር አይደለም። የተፈጥሮ መልክ ነው ብሎ የሚሸጥላችሁን ግን አትመኑት። 4 ሴንቲ ሜትር ያልሞሉ የፒኮክ ጫጩቶች ሁሉም በሙሉ ቀለም ደምቀው ካያችሁም ተጠንቀቁ። በዚያ ዕድሜ ሁሉም ሊፈካ አይገባም፤ ግማሾቹም ሴት ናቸውና። እንዲህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ የወንድ ሆርሞን ከምግብ ጋር ተሰጥቷቸው ነው። ቤት ሲገቡ ቀለሙ ይለቃል፤ መራባትም ሊያቅታቸው ይችላል።

በትክክል የተያዘ ገንዳ ውስጥ መራባታቸው አይቀርም። ወንዱ ቀለሙን አፍክቶ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እየተንቀጠቀጠ ሴቷን ይጠራል። እየተዟዟሩ እንቁላል ትጥላለች፤ ጥላም ወዲያው ወደ አፏ ትለቅማለች። የወንዱ የታችኛው ክንፍ ላይ እንቁላል የሚመስሉ ቢጫ ነጠብጣቦች አሉ። ወደ እነሱ አፏን ስታስጠጋ የወንዱን ዘር ታገኛለች፤ እንቁላሉ እዚያው አፏ ውስጥ ይጸነሳል። ከዚያ ሦስት ሳምንት ያህል አገጯ ተነፍቶ፣ ሳትበላ ወይም በጣም ጥቂት እየበላች ትቆያለች። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ በመረብ ሳታስደነግጧት ብቻዋን ወደ ትንሽ ገንዳ አዙሯት። ልጆቹን ከአፏ ከለቀቀቻቸው በኋላ ጥቂት ቀን አብልታችሁ አጠንክሯት፤ ከዚያ ትመለስ። ልጆቹ የደቀቀ የስፒሩሊና ምግብ ወዲያውኑ ይበላሉ። ለሌላ ሰው ስትሰጡ የዳርቻውን ስም ከረጢቱ ላይ ጻፉበት፤ የተዳቀሉ ከሆኑም «ድቅል» ብላችሁ ጻፉ።